ከጅዳ እስከ ዓድዋ፤ የደረቁ ዕፅዋት ምስክርነት

በለሳን ከጥንት ጀምሮ ስሙ በመጻሕፍት የታወቀ፣ ለቅዱስ ሜሮንም ከሚገቡት ሽቶዎች አንዱ የሆነ የዛፍ ፈሳሽ ነው። ነጋዴዎች «የመካ በለሳን» እያሉ በየሀገሩ ይሸጡት ነበር። ይሁን እንጂ እስከ 18ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት ፈሳሹን እየገዙ ዛፉ የትኛው እንደ ሆነ ይከራከሩ ነበር። ክርክሩን ሊቆርጥ የሚችለው የነጋዴ ቃል ሳይሆን ቅጠሉና አበባው ራሱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ዕፅን ለምስክርነት የማቆየት ሥራ እንዲህ ነው። ቅርንጫፉ ከነአበባው ይቈረጥና በወረቀት መካከል ተዘርግቶ ይጫናል፤ ወረቀቱም እርጥበቱን እስኪመጥ ድረስ ደጋግሞ ይለወጣል። ከደረቀ በኋላ በጠንካራ ወረቀት ላይ ተለጥፎ የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም በግርጌው ይጻፋል። ይህ የተጠራቀመበት ቤት ሄርባሪየም ይባላል። ጽሕፈት የሌለው ቅጠል የጸሐፊው ስምና ዘመኑ እንደ ጠፋ የብራና መጽሐፍ ነው፤ ቢኖርም ከየት እንደ መጣ አይናገርም።

በ1761 የዴንማርክ ንጉሥ ፍሬድሪክ 5ኛ ስድስት ሰዎችን ወደ ዓረብ ሀገር ላከ። ከእነርሱም አንዱ የስዊድናዊው ሊቅ የካርል ሊኔ ደቀ መዝሙር ፔር ፎርስኮል ነበረ፤ መምህሩም የበለሳንን ዛፍ እንዲፈልግ አደራ ብሎት ነበር። መልእክተኞቹ በኦክቶበር መጨረሻ 1762 ጅዳ ደርሰው እስከ ዲሴምበር ቈዩ። ክርስቲያን ወደ መካ እንዳይሄድ ክልክል ስለ ነበረ ፎርስኮል ሥራውን በወደቡ ወሰነ፤ በባሕሩ ዳር የሚበቅለውን መረመረ፤ ዓሣውንም ሳይቀር ቆዳውን ገፍፎ እንደ ቅጠል በወረቀት ላይ አደረቀው። የዕፅዋቱንም ስም የሀገሩ ሰዎች እንደሚጠሩት በዓረብኛ መዘገበ።

በለሳኑን ግን ያገኘው በዓመቱ በየመን ነው፤ ለመምህሩም ደብዳቤ ጻፈ። ነገር ግን ደስታው አልሰነበተም፤ ጁላይ 11 ቀን 1763 ያሪም በምትባል የየመን ከተማ በወባ ሞተ፤ ዕድሜውም 31 ዓመት ነበረ። ከስድስቱ በሕይወት ወደ ሀገሩ የተመለሰ ካርስተን ኒቡር ብቻ ሲሆን፣ ፎርስኮል የተዋቸውን ማስታወሻዎች አሰባስቦ ስለ ግብፅና ስለ ዓረብ ዕፅዋት የሚናገረውን መጽሐፍ በ1775 አሳተመ። ከደረቁት ዕፅዋት ብዙው ጠፋ፤ ከተረፈውም ጽሕፈት የሌለው ስላለበት የኋላ ሊቃውንት ለመለየት ብዙ ደክመዋል። የቀረው በኮፐንሃገን ይጠበቃል። የጫት የሊቃውንት ስም «ካታ» መባሉም ፎርስኮል ከሰማው የዓረብኛ ቃል የመጣ ነው።

ከእርሱ ሰባ ዓመት ያህል በኋላ ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር በዚያው መንገድ መጣ። የላከውም በኤስሊንገን ከተማ ሊቃውንት ያቋቋሙት ማኅበር ነው፤ አባላቱ ገንዘብ ያዋጡ ነበር፣ በምላሹም የደረቁ ዕፅዋት ይከፈላቸው ነበር። ሺምፐር በጅዳና በመካ መካከል በሚገኘው በፋጢማ ሸለቆ ሰብስቦ፣ ባሕሩን ተሻግሮ በምጽዋ በኩል በ1837 ዓድዋ ደረሰ። ለጥቂት ጊዜ የመጣው ሰው በኢትዮጵያ ዕድሜውን ፈጸመ። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም እንትጮን እንዲያስተዳድር ሰጡት፤ በ1855 ውቤ በዐፄ ቴዎድሮስ ድል ሲሆኑ ግን ሹመቱን አጣ። ከ1868 የመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ ዓድዋ ተመልሶ በ1878 በዚያው ዐረፈ። ምረንዝ የምንለው ዛፍ በሊቃውንት ዘንድ «አኮካንቴራ ሺምፐሪ» እየተባለ ስሙን ይዞ ይኖራል።

ሺምፐር ከአንዱ ዕፅ ብዙ ቅርንጫፍ ይሰበስብ ስለ ነበረ ማኅበሩ ለየከተማው አከፋፈለው። የዚህም ጥቅም ከመቶ ዓመት በኋላ ታየ። በማርች 1943 በጦርነቱ የበርሊን ሄርባሪየም በቦምብ ሲቃጠል አብዛኛው ሀብቱ ዐመድ ሆነ፤ ከኢትዮጵያ የሄደውም አብሮ ነደደ። ነገር ግን የሺምፐር ስብስብ በፓሪስና በለንደን አጠገብ ባለው በኪው ስለ ነበረ ምስክርነቱ ፈጽሞ አልጠፋም። መጽሐፍ በብዙ ገዳማት ሲገለበጥ ከእሳት እንደሚድን ይህም እንዲሁ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ጉድለት አለ። በወረቀቱ ግርጌ የሰብሳቢው ስም ይነበባል፤ መንገድ የመራው፣ ሸክሙን የተሸከመው፣ የዕፁን ስምና መድኃኒትነት የነገረው የሀገሩ ሰው ስም ግን ብዙ ጊዜ አልተጻፈም። በኢትዮጵያ ዕፅዋት ላይ የሚጻፈውም ለብዙ ዘመን በባዕድ ከተማ ባለ ቅጠል ላይ የተመሠረተ ነበር። ይህን ለማቃናት በ1959 በአዲስ አበባ ብሔራዊው ሄርባሪየም ተቋቋመ፤ ከ1980 እስከ 2009ም ኢትዮጵያውያንና የውጭ ሊቃውንት ተባብረው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት መዝገብ በብዙ ክፍል አሳተሙ።

ስለዚህ የዕፅ ስም የሚያውቅ ሽማግሌ ሳይነገርለትና ሳይጻፍለት ሲያልፍ፣ እንደ በርሊኑ ሁሉ አንድ መዝገብ ይቃጠላል፤ ለዚህኛው ግን በፓሪስም ሆነ በኪው ግልባጭ አይገኝለትም።