ብዙ ሦስት ማዕዘን፣ ትንሽ እውነት

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባልን ያደግን ሁላችን፣ መብዛትን ከማሸነፍ ለይተን አናይም። ታዲያ እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ከመሐንዲሶች ጓዳ ገብተን ምን አገኘን? ብዛት ብቻውን እውነትን እንደማያስር አገኘን። ነገሩ እንዲህ ነው።

መሐንዲስ የአውሮፕላን ክንፍ ወይም የመኪና አካል ከመሠራቱ በፊት ጥንካሬውን በስሌት መፈተን ይፈልጋል። የጎበጠ ገጽ እንዳለ ለመሰላት ያስቸግራል፤ ስለዚህ በትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ሸንሽኖ መረብ ያለብሰዋል። ሦስት ማዕዘኖቹ እያነሱና እየበዙ በሄዱ ቁጥር መረቡ ወደ እውነተኛው ገጽ ይጠጋል ብሎ ማሰብ ለማንም ይቀላል። በ19ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው ሊቅ ዦዜፍ ሴሬ የጎበጠ ገጽን ስፋት የተረጎመው በዚሁ አስተሳሰብ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1880 ግን ጀርመናዊው ሄርማን ሽዋርዝ ለጣሊያናዊው ጄኖኪ በጻፈው ደብዳቤ ነገሩን ገለበጠው። ተራ ሲሊንደር፣ ጣሳ እንበለው፣ ወሰደ። ቁመቱን በቀለበቶች ከፈለ፤ በየቀለበቱ ዙሪያ ነጥቦች አኖረና በሦስት ማዕዘን አያያዛቸው። የዙሪያው ነጥቦች በዝግታ፣ ቀለበቶቹ ግን እጅግ በፍጥነት ሲበዙ ምን ሆነ? ጫፎቹ አንድም ሳይቀሩ ጣሳው ላይ እንዳሉ፣ ሦስት ማዕዘኖቹ እንደ አኮርዲዮን ተጣጠፉ፤ ስፋታቸው ሲደመርም ከጣሳው ስፋት አልፎ ወሰን አጣ! ጁሴፔ ፔያኖም በ1882 በራሱ መንገድ እዚሁ ደረሰ። ጥፋቱ የቁጥር ማነስ ሳይሆን የቅርጽና የአቀማመጥ ነበር።

ሪቻርድ ኩራንት በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ የጥምዘዛን ስሌት በሦስት ማዕዘኖች ሠራ። በ1956 ተርነር፣ ክላፍ፣ ማርቲንና ቶፕ መሰል ዘዴ ለአውሮፕላን አካል አዋሉ። መረብን ማረምም የራሱ ጥበብ ሆነ። የሶቪየቱ ቦሪስ ዴሎኔ በ1934 ያስቀመጠው ሕግ አጭር ነው፦ በሦስቱ ጫፎች በሚያልፈው ክብ ውስጥ ሌላ ነጥብ አይግባ። ሁለት ጎረቤት ሦስት ማዕዘኖች ይህን ሲጥሱ፣ ቻርልስ ሎሰን በ1977 እንዳሳየው፣ የጋራ ድንበራቸው ይነሣና በሌላው አግድም ይተካል። በጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ይህ ሲደጋገም ከሁሉ የጠበበው ማዕዘን የተቻለውን ያህል ይሰፋል። ልብ በሉ፤ አንድም ነጥብ አልተጨመረም፤ የተስተካከለው ዝምድናቸው ነው።

ይህ የወረቀት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስለን። ነሐሴ 23 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ፣ ስላይፕነር ኤ የተባለው የነዳጅ መድረክ የሚቆምበት የኮንክሪት መሠረት ሰጠመ። የስሌቱ መረብ የገጽ ሳይሆን የወፍራም ግድግዳ ክፍልፋዮች ነበሩት፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ክፍልፋዮቹ ሻካራና የተጣመሙ ስለነበሩ፣ ግድግዳውን የሚቆርጠው ጫና 47 በመቶ ያህል አንሶ ተሰላ። የብረቱ አቀማመጥም ጎደሎ ስለነበር ግድግዳው ተሰነጠቀ። የሰው ሕይወት ባይጠፋም ኪሳራው ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ።

እኛስ? ከአንድ ወገን ብቻ መቶ ምስክር ቆጥረን «ታሪኩ ተረጋገጠ» ስንል የሽዋርዝን ጣሳ እየሠራን ነው። እያንዳንዱ ምስክር እውነቱን ይነካ ይሆናል፤ ድምሩ ግን ይዋሻል። ድሩስ ይበር፤ እንዴት እንደተያያዘ ግን አስቀድመን እንይ።