የትራንዛክሽን ስህተትን ማሳወቅ

የትራንዛክሽን ስህተትን ማሳወቅ በዳታቤዝ ሰርቨር ላይ አንድ ትራንዛክሽን ሳይሳካ ሲቀር ምክንያቱንና ውጤቱን ለደንበኛው መተግበሪያ በግልጽ የመንገር አሠራር ነው። ትራንዛክሽን እንደ አንድ ሥራ የሚቆጠር የዳታቤዝ ለውጦች ስብስብ ሲሆን፣ ወይ በሙሉ ይጸናል፣ ወይ በሙሉ ይሰረዛል። ለምሳሌ በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት በቴሌብር ከአምቦ ወደ ጉደር ወይም ጊንጪ ገንዘብ ሲላክ፣ ከላኪው ሒሳብ መቀነሱና ለተቀባዩ መደመሩ አብረው ሊጸኑ ይገባል።

ስህተቶች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው እንደ ቀሪ ሒሳብ አለመብቃት ያለ ነው፤ ያንኑ ጥያቄ መድገም አይጠቅምም። ሁለተኛው ጊዜያዊ ነው፤ ሁለት ትራንዛክሽኖች ሲጋጩ ሰርቨሩ አንዱን ይሰርዛል፣ መተግበሪያውም እንደገና ይሞክራል። በዳታቤዝ መጠይቅ ቋንቋው በኤስኪውኤል (SQL) መስፈርት ይህ ግጭት በ40001 ኮድ ይገለጻል። ሦስተኛው ውጤቱ ያልታወቀ ነው፤ ትራንዛክሽኑ ጸንቶ ምላሹ ሳይደርስ ኔትወርክ ሊቋረጥ ይችላል። «አልተሳካም» ማለት እዚህ ላይ ሐሰት ሊሆንና ሁለት ጊዜ ሊያስከፍል ይችላል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱን መለያ ቁጥር መስጠት ነው፤ ጥያቄው ሲደገም ሰርቨሩ የቀድሞውን ውጤት ይመልሳል።

ጥሩ የስህተት ምላሽ ለፕሮግራሙ ቋሚ ኮድ፣ ለተጠቃሚው ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ የተጻፈ አጭር መልእክት ይይዛል። መልእክቱ ገንዘቡ መቀነስ አለመቀነሱንና ቀጣዩን እርምጃ ይናገራል። የሰንጠረዥ ስሞችና ሌሎች ውስጣዊ ዝርዝሮች ለደኅንነት ሲባል በሰርቨሩ መዝገብ ብቻ ይቀመጣሉ።