ስንቁን ከገበሬው የነጠቀ ጦር



ሃውገንስቱዋ ላይ በተወያየንበት ምሽት አንድ ጓድ «ዓላማው ትክክል ከሆነ ወታደር የገበሬን በሬ አርዶ ቢበላ ምን ነውር አለው?» ሲል ጠየቀ። መልሱን ከራሳችን ታሪክ፣ ከቴዎድሮስ ጦር እንፈልገው።

በዘመነ መሳፍንት የዘማቹ ደመወዝ የገባሩ ጎተራ ነበር። ተሠሪ ሆኖ ቤቱ ይገባል፣ እህሉን ይበላል፣ የተረፈውን ጭኖ ይሄዳል። ቴዎድሮስ ይህን ልማድ ለመስበር ተነሣ። የእንግሊዙ ቆንሲል ፕላውደን በ1847 ዓ.ም. በጻፈው ሪፖርት ንጉሡ ለወታደሩ ደመወዝ መስጠት እንደ ጀመረና ምግቡን ገዝቶ መብላት እንዳስለመደው መስክሯል። ግን ደመወዙ ከየት ይምጣ? የቤተ ክህነትን መሬት ሊቀንስ ሲሞክር ካህናቱ ጠሉት፤ በየአውራጃው ሽፍታ በዛ፤ ግብር ነጠፈ። ጦሩም ወደ ጎተራው ተመለሰ።

በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ራሷ ተዘረፈች። አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ፤ ንዋየ ቅድሳቱና ብራናው ተጭኖ ተወሰደ። እዚህ ላይ ለመይሳው ባለን ፍቅር ዓይናችንን እንጨፍናለን። እኔም ስጨፍን ኖሬአለሁ። የተዘረፈው ባላገር ግን ጦሩን የሚያውቀው በዓላማው ሳይሆን በወሰደበት በሬ ነው። እህሉን ቀበረ፣ ከብቱን ወደ ቆላ ነዳ፣ ለሽፍታው ወሬ አቀበለ። የሚዘረፍ ሲጠፋ ወታደሩም ከዳ። በአሥር ሺዎች ይቆጠር የነበረው ሠራዊት መቅደላ ሲደርስ ጥቂት ሺህ ነበር።

ናፒየር በ1860 ዓ.ም. ከዙላ ሲነሣ ለገብሱም ለሣሩም የማርትሬዛ ብር ቆጥሮ ከፈለ። (ጽድቅ አይምሰለን፤ በዚያ ረጅም ተራራማ መንገድ ገበሬ ከኋላው እንዳይነሣበት ፈርቶ ነው።) ገበሬው ሸጠለት፣ መንገዱንም አልዘጋበትም። ሚያዝያ 6 ቀን ቴዎድሮስ ሽጉጡን ጠጣ።

ከፍሎ የመጣው ጦር፣ ገበሬው የማያስፈልገው በሆነበት ቀን፣ መቅደላን ዘረፈ። የንጉሡን አስከሬን እንኳ ልብሱን ገፈፉት፣ ጸጉሩን ቆረጡት። ምርኮውን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ሐራጅ አወጡት። ከጭነቱ መካከል የቴዎድሮስ ወታደሮች ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያወጧቸው ብራናዎች ነበሩ። ሁለት ጊዜ የተዘረፉት እነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬም ለንደን ናቸው።