የሳልሳው ቆርቆሮና የላስታ ቲማቲም



የእድሩን የወጪ መዝገብ የምንይዘው እኛ ስለሆንን ለኀዘን ቤት ወጥ ምን ምን እንደሚገዛ ጠንቅቀን እናውቃለን። ምስሩ የዚሁ የላስታ ነው። ሽንኩርቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቆቦ ይጫናል። ሳልሳው ግን በቆርቆሮ ታሽጎ ነው የሚመጣ። ታዲያ ቲማቲም በየወንዛችን ዳር እየበቀለ ሳልሳ መግዛታችን ከምን የመጣ ነው?

ሳልሳ የጣልያን ቃል ነው። በአገራችን ስሙ የገነነው ግን የመርቲ ሳልሳ ነው፤ ከአዋሽ ወንዝ ዳር፣ በአርሲ በኩል። በ1967 ዓ.ም. ሰፋፊ የንግድ እርሻዎች በአዋጅ ወደ መንግሥት እጅ ከገቡ በኋላ የኑራ ኤራ ብርቱካንና የመርቲ ቲማቲም በላይኛው አዋሽ አግሮ ኢንዱስትሪ ሥር ሆነው፣ ሳልሳ፣ ማርማላታና ጭማቂ እየሆኑ በየሱቁ ደረሱ። ኋላም ድርጅቱ ወደ ግል ዞሯል። የመርቲ ብልሃቱ ምን ነበር ቢሉ፣ እርሻውና ፋብሪካው ጎረቤት መሆናቸው ነው። ቲማቲም ከመቶ 95 እጁ ገደማ ውኃ ነው። ለ1 ኪሎ ወፍራም ሳልሳ 5 ወይም 6 ኪሎ ቲማቲም ተፈጭቶ፣ ተጣርቶ፣ ውኃው እስኪተን ይፈላል። ይህን ሁሉ ውኃ በመኪና ጭኖ አገር ማቋረጥ ኪሳራ ነው፤ ደግሞም የበሰለ ቲማቲም ቀን አይሰጥም።

የእኛስ? እናቶቻችን ገብሱን በሶ፣ ባቄላና አተሩን ሽሮ፣ እንጀራውን ድርቆሽ አድርገው ክረምት የሚያሻግሩ ናቸው። ለቲማቲም ግን እንዲህ ያለ ልማድ አልነበረንም። ስለዚህ ሁሉም ባንድ ሰሞን ያደርስና ቅዳሜ ገበያ ይወርዳል፤ ከቀትር በኋላ ለፍየል የሚጣለው ብዙ ነው። እኛም ጡረታ እንደወጣን ገዥ አለ ተብለን 3 መደብ ተክለን፣ ገዥ የተባለው ሳይመጣ ቀርቶ ጎረቤት በነፃ በላው። መብላቱስ ደስ ይለናል፤ ያንገበገበን የዘሩ ዋጋ ነው እንጂ።

በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ተመርቋል፤ የገበሬውን ምርት ከየአካባቢው የሚሰበስቡ የገጠር ሽግግር ማዕከላትም እንዲኖሩት ታስቦ። አሳቡ ያው የመርቲው ነው። ነገር ግን ቡሬ ጎጃም ነው፤ የላስታ ቲማቲም እዚያ እስኪደርስ መንገድ ላይ ጭማቂ ይሆናል።

ባለፈው ባልትና የሚያውቁ የእድራችን ሴቶች ቲማቲሙን ሰንጥቀው፣ ጨው ነስንሰው፣ በሰፌድ ፀሐይ ላይ አድርቀው ደቁሰውት ነበር። ለአንድ ኀዘን ቤት ወጥ ገባ፤ ቀለሙ ጠቆር አለ እንጂ ጣዕሙን ማንም አልነቀፈ። ችግሩ ዝንብና አቧራ ነው። ለመሸፈኛ 10 ሜትር ያህል የአጎበር ጨርቅ ያስፈልጋል፤ ዋጋውን ጠይቀን ለጠቅላላ ጉባኤው እናቀርባለን።