የልደታው ሜዳና የዓለም ደንብ



የውጭ አገር አሠራር ወደ አገራችን ሲገባ የትኛውን እንዳለ መቀበል፥ የትኛውንስ ከአገሩ ጠባይ ጋር ማስማማት ይገባል? ይህን ለመመርመር ከልደታ አይሮፕላን ማረፊያ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። ሜዳው ሥራውን ለቦሌ ካስረከበ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» ይባላል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው። ገንዘቡ የኢትዮጵያ መንግሥት ነበረ፤ ሥራውን በውል የሚመራው ግን ቲ.ደብልዩ.ኤ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። አብራሪውም፥ መካኒኩም፥ ሥራ አስኪያጁም ሳይቀር አሜሪካዊ ነበረ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው የውጭ አገር ጉዞ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ።

በዚህ ሥራ ድርድር የማይገባበት ክፍል አለ። ኢትዮጵያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1944 የተደረገውን የቺካጎውን የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ከተቀበሉት መንግሥታት አንዷ ናት። የሞተር ምርመራ ካይሮ ላይ አንድ ዓይነት፥ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ዓይነት ሊሆን አይችልም። «የአገራችን ልማድ ነው» ብሎ ብሎን አላልቶ የሚተው መካኒክ ቢገኝ፥ ከእርሱ ጋር የሚሳፈር ሰው የሚገኝ አይመስለኝም።

የሚያስደንቀው ሌላው ክፍል ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሲ-47 አይሮፕላኖች ከጦርነቱ የተረፉ ስለ ነበሩ፥ መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋው ታጣፊ ወንበር ላይ ፊት ለፊት እየተያየ ይቀመጣል፤ ዕቃው በመካከል በሰንሰለት ታስሮ ይጫናል። ለኒው ዮርክ መንገደኛ ይህ ውርደት ይመስለው ይሆናል። ክረምት ሲገባ መንገድ በሚቋረጥበት አገር ግን ከዕቃው ጋር በአንድ ቀን ካሰበው መድረስ ትልቅ ነገር ነበረ።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ቲኬቱ ግን ዛሬም የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 8 ሰዓት የሚል ቲኬት ይዞ ከምሳ በኋላ የመጣ ሰው፥ አይሮፕላኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መነሣቱን ይሰማል። ኩባንያው በእኛ ሰዓት ቢጽፍ ደግሞ የካይሮው ሰው ይሳሳታል። እንግዲህ ጽሑፉ እንዳለ ይቆይ፤ ቲኬት ቆራጩ «በእኛ ሰዓት 2 ነው» ብሎ በቃሉ ቢያስረዳ ደንቡም ሳይፈርስ ሰውየውም ሳይቀር ይሳፈራል።

አንዳንድ ጊዜ ግን ማስማማት ፈጽሞ አይቻልም። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉት ጄቶች ሲመጡ የልደታ ሜዳ አልበቃቸውም። ጄቱን ማሳጠር ስለማይቻል የተለወጠው ሜዳው ነው።

በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ፥ ይህ ይለወጥ፥ ይህ ይጽና ብሎ ወሰኑን የሚያሰምረው ማን ነው የሚለው ነው። አይሮፕላኖቹ የይሁዳ አንበሳ ምልክት ይዘው ሲበሩ እንኳ ውሳኔው በእንግዳ እጅ ነበረ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአይሮፕላን አዛዥ ሆኑ፤ በ1964 የአብራሪዎች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1970 ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከአስተዳዳሪነት ወደ አማካሪነት ወረደ። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ሲሾሙ፥ የሞተሩ ምርመራ ደንብ አንድ መሥመር እንኳ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከደንቡ በታች የሚፈርመው እጅ ነው።