የአንጎል ሞገድ ምርመራ (ኢኢጂ) እና የሚጥል በሽታ መድኃኒት ምርጫ

የሚጥል በሽታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሰው ወድቆ፣ አረፋ እየደፈቀ ሲንፈራገጥ ነው። በሽታው ግን ብዙ ዓይነት አለው፤ አንዱን ዓይነት የሚያስታግስ መድኃኒት ሌላውን ሊያባብስ ይችላል። ሐኪሞች ዓይነቱን ለመለየት ከሚረዷቸው መንገዶች አንዱ ኢኢጂ የሚባለው የአንጎል ሞገድ ምርመራ ነው።

የአንጎል ሕዋሳት የሚግባቡት እጅግ አነስተኛ በሆነ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር ይህንን ምልክት ከሰው ጭንቅላት ላይ የቀረጸው በ1924 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለሕትመት ያበቃው በ1929 ነው። ዛሬ 20 ያህል ትንንሽ ኤሌክትሮዶች በራስ ቆዳ ላይ ተለጥፈው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቀረጻል። መሣሪያው ከአንጎል የሚወጣውን ይመዘግባል እንጂ ወደ ጭንቅላት ኤሌክትሪክ አይልክም፤ አያምምም። ጸጉር ታጥቦ፣ ቅቤም ሆነ ቅባት ሳይነካው መምጣት አለበት። ሂጃብ የምትለብስ እህት ጸጉሯን መግለጥ ስለሚኖርባት፣ ሴት ባለሙያ እንድትመደብላት ቀጠሮ ስትይዝ ብትጠይቅ ይሻላል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ሞገዱ ላይ የሚታየው ሹል ምልክት ከአንድ የአንጎል ክፍል ብቻ ከተነሳ፣ እንደ ካርባማዜፒን ያለ መድኃኒት ጥሩ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ በሁለቱም የአንጎል ወገን በአንድ ጊዜ ከታየ ግን ነገሩ ይለያል።

ለምሳሌ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሴኮንዶች ፈዝዛ የምትቀር፣ ስትጠራም የማትሰማ፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ የምትቀጥል ተማሪ አለች እንበል። አይወድቋትም፣ አትንፈራገጥም። እኛ መምህራን "ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው" ብለን እናልፋታለን። ኢኢጂ ላይ በሴኮንድ 3 ጊዜ የሚደጋገም ሹልና ዝግ ሞገድ ከታየ ግን አብሰንስ የሚባለው የሚጥል በሽታ ነው። ለዚህች ልጅ ካርባማዜፒን ቢሰጣት መፍዘዙ ሊበዛባት ይችላል። ርካሽና በብዙ ቦታ የሚገኘው ፌኖባርቢታልም ለዚህ ዓይነት አይረዳም። የሚጠቅማት ኢቶሰክሲማይድ ወይም ቫልፕሮኤት ነው።

ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ እጃቸው በድንገት እየዘለለ ሲኒ የሚያስጥላቸው ወጣቶችም አሉ። በእነዚህም ላይ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን መዝለሉን ሊያባብሱ ይችላሉ። ቫልፕሮኤት በደንብ ይሠራል፤ ነገር ግን በእርግዝና ወቅት ከተወሰደ ከ10 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ላይ ከባድ የአፈጣጠር ችግር ያስከትላል፣ የአእምሮ እድገትንም ይጎዳል። ስለዚህ ለመውለድ ዕድሜ ለደረሰች ሴት ሐኪሞች በተቻለ መጠን እንደ ሌቬቲራሴታም ያለ ሌላ አማራጭ ይፈልጋሉ። ቫልፕሮኤት የምትወስድ እህት ግን ይህን ሰምታ በራሷ ማቋረጥ የለባትም፤ በድንገት ማቆም ለሕይወት የሚያሰጋ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ያመጣል። እርግዝና ከማሰቧ በፊት ሐኪሟን ታማክር።

ኢኢጂ ሁሉን አያሳይም። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የመጀመሪያ ምርመራቸው ጤናማ ሆኖ ይወጣል፤ ሞገዱ የተቀረጸው ለግማሽ ሰዓት ነዋ! በዚህ ጊዜ ሐኪሙ ሌሊት እንቅልፍ ቀንሰው እንዲመጡ ሊያዝ ይችላል፤ ድካምና እንቅልፍ የተደበቀውን ምልክት ያወጡታልና። በተቃራኒው አንዳንድ ጤነኞች ላይም የተዛባ ሞገድ ይታያል። ወረቀቱ ብቻውን መድኃኒት አያስጀምርም። ሕመሙ ሲነሳ ያየ ሰው የሚሰጠው ምስክርነት ከምርመራው አያንስም፤ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ካለ ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው።

በረመዳን መጾም የሚፈልግ ታማሚ የመድኃኒት ሰዓቱን ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ከማዞሩ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ አለበት፤ የእንቅልፍ ማነስም ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅሳል። ለኢኢጂ ሲቀርቡም፣ ሐኪም ካላዘዘ በስተቀር የዕለቱን መድኃኒት እንደወትሮው ወስደው፣ ምግብ በልተው ይሂዱ፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነመጠኑ ጽፈው ይያዙ።