ዓይነ ስውሯ የቅኔ መምህር

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ስለ መምህራን ውለታ መናገር ተገቢ ነው። መምህር ሲባል ግን ብዙዎቻችን የምናስበው ጠመኔ ይዞ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚቆመውን ሰው ነው። እኔ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለአንባብያን ላስታውስ ያሰብኩት፥ ጠመኔ ሳይዙ፥ መጽሐፍም በዓይናቸው ሳይመለከቱ ደቀ መዛሙርትን ስላፈሩት ስለ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ነው።

እማሆይ ገላነሽ በ20ኛው መቶ ዓመት በጎጃም የኖሩ ባለቅኔ ናቸው። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ። ገላነሽ ገና በልጅነታቸው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። በዚያ ዘመን በገጠር ለምትኖር ልጃገረድ የትምህርት በር እንደ ዝግ ይቈጠር ነበር፤ በአዲስ አበባ እንኳ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1931 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዓይነ ስውር ለሆነች ልጅማ ማን ተስፋ ያደርግላታል? እርሳቸው ግን ቅኔን ከአባታቸው ተማሩ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ቢባል፥ ምክንያቱ ከቅኔ ቤት ሥርዓት ይገኛል። የቅኔ ተማሪ አስቀድሞ የግእዙን ግስና አገባብ በቃሉ ያጠናል። ከዚያም ወደ ጫካ ወይም ወደ ሜዳ ወጥቶ ለብቻው ሲያሰላስል ይውልና ቅኔ ይቈጥራል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና፥ ቀጥሎ ባለ ሦስት ቤቱን ዘአምላኪየ፥ እያደገም ሲሄድ ባለ ስድስት ቤቱን ሥላሴና ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ ይደርሳል። የቈጠረውን ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው በቃሉ ይነግራል። ሰሙ ከወርቁ ካልተስማማ፥ ቤቱም ካልመታ ይታረማል፤ ካማረለት ግን ጓደኞቹ «ይበል!» ይሉታል። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ከውሻ ጋር እየታገለ ቍራሽ የሚለምነው ለዚህች ቃል ሲል ነው። እንግዲህ በዚህ ጉባኤ ትልቁ መሣሪያ ጆሮና ልብ እንጂ ዓይን አይደለም።

እማሆይ ገላነሽ ተምረው ብቻ አልቀሩም። አባታቸው ካለፉ በኋላ ወንበሩን ተክተው ቅኔ አስተማሩ። በቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ቆመው ቅኔ የሚያቀርቡት በልማድ ወንዶች ሊቃውንት ናቸው። ይሁን እንጂ በጎጃም ከነዚያ ወንዶች አንዳንዶቹ ምሥጢሩን የቀዱት ከአንዲት ማየት ከተሳናቸው እናት እግር ሥር ተቀምጠው ነው። ማኅሌቱ የልማድ ወሰን ቢኖረውም፥ የሚመገበው እውቀት ግን ከእርሳቸውም ዘንድ ፈለቀ።

ነገር ግን አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ቅኔ ለዕለቱ በዓል ተቈጥሮ፥ በዕለቱ ተሰምቶ የሚያልፍ ነው፤ የትናንቱን ዛሬ መድገም ለባለቅኔ ነውር ነው። ስለዚህ የሰማ ሰው ካልጻፈው ከአፍ እንደ ወጣ ይጠፋል። አቶ መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. በመጽሐፍ ባያሳትሙት ኖሮ፥ ስለ ድሮው የቅኔ ተማሪ ኑሮ የምናውቀው ምን ያህል ባነሰ! መጻፍ የማይችል መምህርማ ሁለንተናው በተማሪው ትዝታ ላይ የተመሠረተ ነው።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛው፥ እኛ ሁለት ዓይን፥ ደብተርና መብራት ይዘን «ትምህርቱ ከበደን» ማለት እንደማይገባን ነው። ሁለተኛው፥ በየቤታችንና በየሰፈራችን ያሉትን አረጋውያን ቀርበን ጠይቀን የነገሩንን መጻፍ እንዳለብን ነው። እማሆይ ገላነሽ የሰሙትን በልባቸው ጽፈው ለሌላው አስተላለፉ፤ እኛ ብዕር የያዝነው ምን እናስተላልፍ ይሆን?